ትንሿን የወርቅ ጠጠር የሚሰማ ማሽን እንዴት ይመረጣል?

ወርቅ መፈለጊያ ማሽን ወርቅን ለይቶ አያውቅም። የሚጮኸው ከሥሩ ባለው አፈር ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ወይም ማግኔት የሚስበው ነገር ሲያጋጥመው ነው። የማረሻ ስባሪ፣ ምስማር፣ የጥይት ቀለህ፣ የቢራ ቆርኪ፣ የወርቅ ጠጠር፣ ሁሉም ያስጮኹታል። ሦስት አራት ሆናችሁ ገንዘብ አዋጥታችሁ አንድ ማሽን ለመግዛት ካሰባችሁ፣ ሻጩ ከሚነግራችሁ ሁሉ በፊት ይህን ያዙ። ምርጫውን የሚወስኑት ሁለት ጥያቄዎች ናቸው፤ የምትፈልጉት ወርቅ ምን ያህል ትንሽ ነው? የምትፈልጉበት አፈርስ ምን ይዟል? የማሽኑ ስምና ዋጋ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የደቡብ ወሎው ወረኢሉ ወርቅ የሚታጠብበት አገር አይደለም፤ የወርቅ ወሬ ግን ከቤት አይጠፋም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ከወሎ ተነሥተው አሶሳ ዙሪያ የሰፈሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ወሎ ውስጥ ዛሬም እዚያ አጎት ወይም አክስት ያለው ሰው ማግኘት አይቸግርም። ቤኒሻንጉል ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ወርቅ በገበቴ ሲታጠብ የኖረበት ምድር ነው። ወጣቱ ዘመድ ጥየቃ ሄዶ ወርቅ ሲታጠብ አይቶ ከተመለሰ በኋላ ማሽን ቢመኝ አይገርምም። የሚያሳስበኝ፣ ገንዘቡን ለማይሆነው ማሽን ከፍሎ፣ ወይም ወርቅ በሌለበት መሬት ላይ ማሽን ይዞ ሲንከራተት እንዳይቀር ነው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። በማሽኑ ዘንግ ጫፍ ያለችው ጠፍጣፋ ነገር ኮይል ትባላለች፤ በውስጧ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አለ። በሽቦው ኮረንቲ ሲያልፍ በዙሪያው መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። ኮረንቲው በሴኮንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ወዲያና ወዲህ ሲል መስኩም አብሮት ይለዋወጣል። እንዲህ የሚለዋወጥ መስክ ብረትን፣ መዳብን ወይም ወርቅን ሲነካ በዚያ ነገር ውስጥ የሚሽከረከር ትንሽ ኮረንቲ ይቀሰቅሳል፤ ማይክል ፋራዳይ በ1831 እ.ኤ.አ. ያሳየው ሕግ ነው። የተቀሰቀሰው ኮረንቲ በተራው የራሱን መስክ ይፈጥራል። በኮይሉ ውስጥ ያለ ሁለተኛ ጥቅል ሽቦ ያንን መልስ ይቀበልና ማሽኑ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል።

ቴሌፎንን የፈለሰፈው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል በ1881 እ.ኤ.አ. በዚህ መንገድ በጥይት በቆሰለው በአሜሪካው ፕሬዚዳንት በጋርፊልድ ሰውነት ውስጥ የቀረችውን ጥይት ሊያገኝ ሞክሮ ነበር። አልሆነለትም። ካሰናከሉት ነገሮች አንዱ ፕሬዚዳንቱ የተኙበት አልጋ ሽቦ ነው ይባላል፤ ከጥይቷ ድምፅ የሽቦው ድምፅ በለጠ። ዛሬም ወርቅ ፈላጊውን የሚያደክመው ይኸው ነው። ትንሿ ወርቅ ድምፅ መስጠቷ ባይቀርም በዙሪያዋ ያለው ነገር ከእሷ አብልጦ ይጮኻል።

ትንሽ ስንል ምን ያህል ነው? በጓዳ ባለው እህል እንለካው። የንጹሕ ወርቅ እፍግታ በኩብ ሳንቲ ሜትር 19.3 ግራም ስለሆነ፣ መጠኗ አንድ ፍሬ ሽምብራ የምታህል ወርቅ ወደ 2 ግራም ትመዝናለች። የምስር ፍሬ የምታህለው ግማሽ ግራም እንኳን አትሞላም። የጤፍ ቅንጣት የምታህለው ደግሞ ጥቂት ሚሊ ግራም ብቻ ናት፤ ከመቶ በላይ ካልተሰበሰበች አንድ ግራም አትሆንም። ሽምብራዋን አብዛኛው ደህና ማሽን ይሰማታል። ምስሯን ለትንሽ ወርቅ ተብሎ የተሠራ ማሽን፣ ያውም ቅርብ ከሆነች፣ ይሰማታል። የጤፏን ነገር ግን ተዉት፤ እሷ የገበቴና የውኃ ሥራ ናት። በአገራችን ወንዞች የሚታጠበው ወርቅ ብዙው እንዲህ ያለ ደቃቅ መሆኑን ስናስብ፣ ለብዙ ወርቅ አጣቢ ማሽን ጭራሹኑ ላያስፈልገው ይችላል።

ትንሽ ወርቅ የምታስቸግረው ሁለት ነገር ስለሚገጥማት ነው። አንደኛው ርቀት ነው። ዕቃው ከኮይሉ ራቅ ማለት ሲጀምር መልሱ በኃይል ይወድቃል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ምልክቱ እስከ ስልሳ እጥፍ ገደማ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ኮይሉን ከመሬት ሁለት ጣት ከፍ አድርጎ የሚሄድና አፈሩን ሊነካ እስኪቃረብ ዝቅ አድርጎ የሚሄድ ሰው አንድ ማሽን ይዘው ሁለት የተለያየ ነገር ያገኛሉ። ሁለተኛው ጊዜ ነው። በትንሽ ጠጠር ውስጥ የተቀሰቀሰው ኮረንቲ የሚሽከረከርበት ቦታ ስለሚጠበው ወዲያው ይሞታል፤ ዕድሜው በሴኮንድ ሚሊዮንኛ ክፍልፋዮች የሚቆጠር ነው። በተጨማሪም ከመሬት የሚወጣ ወርቅ ብር ተቀላቅሎበት ስለሚገኝ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከንጹሑ ወርቅ በብዙ ያንሳል። ቀዳዳ የበዛበት፣ ወይም በነጭ ድንጋይ ውስጥ እንደ ክር የተበተነ ወርቅ ከሆነማ ብዙ ግራም እያለው ዝም ሊል ይችላል።

ማሽኖቹ በሁለት ወገን የሚከፈሉት በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ወገን ሳያቋርጥ የሚልክና ሳያቋርጥ የሚያዳምጥ ነው፤ በዓለም ገበያ ቪኤልኤፍ ይባላል። እዚህ ላይ የምትጠይቁት ቁጥር ድግግሞሹን ነው፤ በኪሎ ኸርዝ ይጻፋል። ሳንቲምና ጌጣጌጥ ለመፈለግ የተሠሩት ብዙውን ጊዜ ከ20 ኪሎ ኸርዝ በታች ይሠራሉ። ለትንሽ ወርቅ የተሠሩት ከፍ ይላሉ፤ የአውስትራሊያው ማይንላብ ጎልድ ሞንስተር 1000 በ45፣ የአሜሪካው ፊሸር ጎልድ በግ 2 ደግሞ በ71 ኪሎ ኸርዝ። የቱርኩ ኖክታ ኩባንያም ከ50 ኪሎ ኸርዝ በላይ የሚሠሩ የወርቅ ማሽኖች አውጥቷል። መስኩ ቶሎ ቶሎ ሲገለባበጥ ፈጥኖ የሚሞተውን የትንሿን ጠጠር ኮረንቲ ደጋግሞ ይቀሰቅሰዋል። ዋጋቸውም ከሁለተኛው ወገን በጣም ያነሰ ነው፤ ጎልድ ሞንስተር በውጭ ገበያ በ1,000 ዶላር አካባቢ ይገኛል። ችግራቸው አፈሩ ነው። ከፍተኛ ድግግሞሽ ትንሿን ወርቅ ሲሰማ በአፈሩ ውስጥ ያለውን የብረት ማዕድንም አብሮ ይሰማል።

ሁለተኛው ወገን ምት የሚልክ ነው፤ ፒአይ ይሉታል። ኮረንቲውን ለቅጽበት ይለቅና ድንገት ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ጥቂት ማይክሮ ሴኮንድ ጠብቆ ያዳምጣል። የአፈሩ መልስ አብዛኛው ቀድሞ ይሞትና የወርቁ ጎልቶ ይቀራል። ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ላይ ብልጫ ያለው ይህ ነው። በአፍሪካ የወርቅ ቦታዎች፣ በተለይም በጎረቤታችን በሱዳን፣ ስማቸው የገነነው የማይንላብ ጂፒኤክስ 4500 እና 5000 ከዚህ ወገን ናቸው። ነገር ግን ብዙ ገዢ የማያስተውለው ነገር አለ። መጠበቁ ከአፈሩ ጋር ትንሿንም ወርቅ ሊያስመልጣት ይችላል፤ ማሽኑ ማዳመጥ ሲጀምር የምስሯ ኮረንቲ ሞቶ ያልቃል። የቆዩት የፒአይ ማሽኖች በትልቅ ኮይል ጥልቀት ያለውን ትልቅ ወርቅ ሲያወጡ ትንሹን ጥለውት ያልፉ የነበረው በዚህ የተነሣ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ገደማ የወጣው ኤስዲሲ 2300 እና በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ጂፒኤክስ 6000 ፈጥነው ማዳመጥ እንዲጀምሩ ሆነው ተሠሩ፤ ከዚህ ወገን ትንሿንም ወርቅ የሚሰሙት እነዚህ ናቸው። ዋጋቸው ግን በሺዎች ዶላር ነው፤ ሦስት አራት ወጣቶች አዋጥተው የሚከፍሉት አይደለም። ተበድሮ መግዛትንም እኔ አልመክርም። መሬቱ ላይ ወርቅ መኖሩን ሳያረጋግጡ ዕዳ መግባት የመጨረሻው ስህተት ነው።

ኮይሉንም ለብቻው ምረጡ። ትልቅ ኮይል በጥልቀት ያለ ትልቅ ወርቅ ይሰማል፤ ትንሽ ኮይል ላይ ላዩን ያለች ትንሽ ወርቅ ይሰማል። ሻጮች ትልቁን ማሳየት ይወዳሉ፤ ለዓይን ይሞላል። ለምስር የሚሆነው ግን ከ13 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ያለው ነው። ትንሹ ኮይል በድንጋይ መሃል ይገባል፣ ክንድም አያደክምም። «ብረት መለያ» የሚሏትንም ቁልፍ ብዙ አትመኑባት። ትንሽ ወርቅ የሚሰጠው ምልክት ከሲጋራ ፓኮ ብልጭልጭና ከቀጭን ብረት ጋር ስለሚቀራረብ፣ ማሽኑ «ብረት ነው» ብሎ ያለፈው አንዳንዴ ወርቅ ነው። ልምድ ያላቸው ፈላጊዎች የሚጮኸውን ሁሉ ይቆፍራሉ።

አሁን ወደ አፈሩ እንምጣ፤ የወረኢሉን ሰው በቀጥታ የሚመለከተው ይህ ነው።

ከወረኢሉ እስከ መካነ ሰላም የተዘረጋው ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ ፈስሶ በወጣ ቅልጥ ዐለት የተሸፈነ ነው። ጥቁሩ ባዛልት እርሱ ነው፤ መረሬው አፈርም የዚያ ዐለት ብስባሽ ነው። ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ከባዛልቱ ሥር የኖራ ድንጋይና የአሸዋ ድንጋይ ንብርብሮች ብቅ ይላሉ። የኢትዮጵያ ወርቅ ያለው ግን ከእነዚህ ሁሉ በታች በሚገኘው፣ ከ500 ሚሊዮን ዓመት በላይ ባስቆጠረው ጥንታዊ መሠረት ዐለት ውስጥ ነው። ያ ዐለት ፀሐይ የሚያየው በቤኒሻንጉል፣ በወለጋ፣ በጋምቤላ አኮቦ፣ በጉጂ አዶላና ሻኪሶ፣ በትግራይም ነው። ወረኢሉ ላይ ቢኖር እንኳ በላዩ የተጫነው ባዛልት እጅግ ወፍራም ስለሆነ ማንም በእጁ የሚይዘው ማሽን አይደርስበትም።

ይባስ ብሎ ባዛልት ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን ይዟል። ማሽኑን ወረኢሉ ማሳ ላይ ብትከፍቱት ሳያቋርጥ ሊያጉረመርም ይችላል፤ አንዳንዱ ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ልክ እንደ ወርቅ ጥርት አድርጎ ያስጮኸዋል። ከሰል የከሰለበት ወይም እሳት ደጋግሞ የነደደበት አፈርም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሙቀቱ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ብረት የማግኔት ባሕርይ እንዲይዝ ይለውጠዋል። ጮኸ ማለት ተገኘ ማለት አይደለም። ማሽኑ «አፈር ማመጣጠኛ» ያለው መሆኑን፣ በራሱ የሚያመጣጥን ወይስ በእጅ የሚስተካከል መሆኑን መጠየቅ ያለባችሁ ለዚህ ነው። ለጀማሪ በራሱ የሚያመጣጥነው ይሻላል።

ደቡብ ወሎ ከመሬቱ የሚያገኘው ሀብት ሌላ ነው። ደላንታ ወገል ጤና ላይ ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የሚወጣው ኦፓል በዓለም ገበያ የታወቀ ነው፤ የተገኘውም በዚሁ የእሳተ ገሞራ ዐለት ንብርብር ውስጥ ነው። ኦፓል ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ የትኛውም የብረት መፈለጊያ አይሰማውም። «ኦፓልም ያሳያል» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ እየዋሸ ነው።

በወረኢሉ ምድር ማሽን ቢጮህ የሚያስጮኸው የሰው እጅ ያለፈበት ነገር ሊሆን ይችላል። ዐፄ ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ሠራዊታቸውን ያሰባሰቡት ወረኢሉ ላይ ነው። በዚሁ በደቡብ ወሎ ምድር የነበረውና በ1531 እ.ኤ.አ. የኢማም አሕመድ ሠራዊት ያቃጠለው የመካነ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን በወርቅ ያጌጠ እንደነበር የዘመቻው ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ጽፏል፤ ወርቁ ተላጦ መወሰዱንም ጭምር። ይህን የሰማ ሰው ፍርስራሽ ዙሪያ ማሽን ይዞ ሊዞር ይፈተን ይሆናል። አታድርጉት። ቅርስ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተጠበቀ ነው፤ በቁፋሮ መሃል ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል ወዲያው ማሳወቅ አለበት። የተቆፈረ ታሪካዊ ቦታ ደግሞ ተመልሶ አይነበብም፤ ጉዳቱ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ጨምሮ በደቡብ ወሎ ብዙ ቦታ አልፏል። ማሽኑ ትልቅ ብረት አለ ብሎ አጥብቆ ሲጮህ፣ ያልፈነዳ ጥይት ወይም ቦምብ ሊሆን እንደሚችል አስቡ። ውጊያ በነበረበት መሬት ላይ በማሽን አትፈልጉ፤ አጠራጣሪ ብረት ካያችሁ አትንኩ፣ ምልክት አድርጋችሁ ለፖሊስ ተናገሩ። ልጆችን ከአጠገባችሁ አርቁ።

እንግዲህ ወርቅ ወዳለበት አገር፣ ለምሳሌ አሶሳ ወዳለው ዘመድ፣ ሄዳችሁ መሥራት ከሆነ አሳባችሁ፣ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። መጀመሪያ ፈቃድ። የባህላዊ ማዕድን ሥራ ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ነው፤ ለኢትዮጵያውያን ብቻ ነው። ቀጥሎ ገበቴ። ማሽን ከመግዛት በፊት ከወንዙ መታጠፊያ የውስጥ በኩል፣ ከዐለት ስንጥቅ፣ ከሸንተረሩ ሥር አፈር እየወሰዳችሁ እጠቡ። ጥቁሩ አሸዋ ሲቀር የሚታየው ወርቅ ዱቄት ብቻ ከሆነ ማሽን አያስፈልጋችሁም፤ ገንዘባችሁን ለአካፋና ለማጠቢያ ገንዳ አውሉት። ጠርዙ ሻካራ የሆነ፣ ጣት የሚይዘው ጠጠር ካገኛችሁ ግን ምንጩ ሩቅ አይደለም፤ ማሽን ዋጋ የሚኖረው ያኔ ነው። አፈሩ ለዘብ ያለ ከሆነ ከ40 ኪሎ ኸርዝ በላይ የሚሠራ ቪኤልኤፍ ከትንሽ ኮይል ጋር ይበቃል። ቀይ፣ ብረት የበዛበት አፈር ከሆነና ሌሎች ቀድመው ትልልቅ ጠጠር ካወጡበት፣ ፈጣኑ ፒአይ ይበልጣል፤ በሽርክና ወይም በኪራይ ቢገኝ ይሻላል።

ስለ ማታለል ሳልናገር አላልፍም። አንቴና የመሰለ ዘንግ ያለው፣ «ከአንድ ኪሎ ሜትር ርቀት ወርቅ ያሳያል» እየተባለ የሚሸጥ ዕቃ አለ። በዚህ ጽሑፍ የተገለጸው የፊዚክስ ሕግ ይህን አይፈቅድም፤ በእጅ የሚያዝ ማሽን ትንሽ ወርቅ የሚሰማው በሳንቲ ሜትሮች ነው። ጄምስ ማኮርሚክ የተባለ እንግሊዛዊ እንዲህ ያለ ባዶ ዕቃ «ቦምብ መፈለጊያ» ብሎ ለኢራቅ ሸጦ ብዙ ገንዘብ ሰበሰበ፤ በ2013 እ.ኤ.አ. 10 ዓመት ተፈረደበት። መነሻው የጎልፍ ኳስ መፈለጊያ ተብሎ የሚሸጥ ርካሽ መጫወቻ ነበር። ሌላው ማታለል አስመስሎ የተሠራ ጂፒኤክስ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ በብዛት ተሽጧል። መልኩ አንድ ነው፣ ውስጡ ሌላ። መለያ ቁጥሩን ለአምራቹ ልካችሁ አረጋግጡ። ከውጭ የምታስመጡም ከሆነ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ።

የመጨረሻው ፈተና ከእናንተ አንድ ቁራጭ እርሳስ ብቻ ይፈልጋል፤ እርሳስ የምለው ብረቱን ነው። በምስር መጠን ቆርጣችሁ ወደ ሱቁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለትንሽ ጠጠር ወርቅ የሚቀራረብ ምልክት ይሰጣል። ቀለበት አትጠቀሙ፤ ክብ ስለሆነ ኮረንቲው በደንብ ይሽከረከርበታል፣ መጥፎ ማሽን እንኳ ይሰማዋል። በባንኮኒ ላይ በአየር የሚደረገውንም ሙከራ አትቀበሉ፤ አየር ብረት የለውም። ውጡና ቀይ ወይም ጥቁር አፈር ላይ መጀመሪያ አንድ ጣት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት ጣት ጥልቀት ቅበሩት። ስልካችሁን ዝጉ፣ ከኤሌክትሪክ መስመር ራቁ፣ ኮይሉን ዝቅ አድርጋችሁ በዝግታ አሳልፉ። አንዳችሁ ሳያይ ሌላው ይቅበር፤ ያላየው ይፈልግ። ደጋግሞ ካገኘው ማሽኑ ይሠራል። ሻጩ ይህን ፈተና ከከለከላችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።